ሁለቱም ፈሳሽ ከነበሩ ጥቁሩ ጓል ለምን ሳይዋሐድ ቀረ?

ጥያቄው ይህ ነው፦ ጠያቂው ከአንድ እሳተ ገሞራ ግርጌ ያነሡትን ግራጫ ድንጋይ ሲሰብሩት ውስጡ ድቡልቡል ጥቁር ጓሎች አገኙ፤ ትልቁ ጡጫ ያህላል። «ጥቁሩም ግራጫውም የቀለጠ አለት ከነበሩ ለምን ተዋሕደው አንድ ወጥ ድንጋይ አልሆኑም? ደግሞስ ከአንድ ተራራ ሥር ሁለት ዓይነት ማግማ ከየት ይመጣል?» ይላሉ።

አጭሩ መልስ፣ ጥቁሩ ማግማ ግራጫውን ባገኘ በሰዓታት ውስጥ ስለረጋ ነው። በቀለጠ አለት ውስጥ ሙቀት ቸኩሎ ይሻገራል፤ ንጥረ ነገር ግን እጅግ ይጎተታል። ስለዚህ ጥቁሩ ከግራጫው ጋር ገና ምንም ሳይለዋወጥ ሙቀቱን ተነጥቆ ይጠጥራል። የረጋ ነገር ከሚፈስ ነገር ጋር ደግሞ አይዋሐድም። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ሁለቱ ከየት እንደተነሡ ማወቅ ስለሚያስፈልግ፣ ሁለተኛውን ጥያቄ አስቀድማለሁ።

ከእግራችን በታች የቀለጠ ባሕር የለም። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ማንትል እጅግ በዝግታ የሚንቀሳቀስ ጠጣር አለት ነው፤ የሚቀልጠውም ልዩ ሁኔታ ሲገጥመው ብቻ ነው። አንደኛው ሁኔታ የግፊት መቀነስ ነው። አለቱ ወደ ላይ ሲወጣ በየኪሎ ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ የበለጠ አይቀዘቅዝም፤ የመቅለጫ ሙቀቱ ግን በየኪሎ ሜትሩ ከ3 እስከ 4 ዲግሪ ይወርዳል። የመቅለጫው ሙቀት ወርዶ ወርዶ አለቱ ካለበት ሙቀት ጋር ሲገናኝ፣ ማንም ሳያሞቀው መቅለጥ ይጀምራል። በውቅያኖስ ወለል ሸንተረሮችና በስምጥ ሸለቆዎች ሥር የሚሆነው ይኸው ነው። ሁለተኛው ውሃ ነው። አንዱ ፕሌት (የምድርን ገጽ ከሠሩት ግዙፍ የአለት ንጣፎች አንዱ) ከሌላው ሥር ሲሰምጥ ማዕድናቱ አዝለውት የነበረውን ውሃ ይለቃሉ፤ ውሃው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ከላይ ወዳለው ማንትል ሲገባ የመቅለጫውን ሙቀት በመቶዎች በሚቆጠሩ ዲግሪዎች ያወርደዋል። የፓሲፊክን ውቅያኖስ የከበቡት አብዛኞቹ እሳተ ገሞራዎች የዚህ ልጆች ናቸው። ሦስተኛው በቀጥታ መሞቅ ነው፦ ከማንትል የመጣ ትኩስ ማግማ ከቅርፊቱ ግርጌ ሲከማች ቅርፊቱን ራሱን ያቀልጠዋል።

ማንትል ሲቀልጥ ሙሉ በሙሉ አይቀልጥም። በውቅያኖስ ሸንተረሮች ሥር የሚቀልጠው ከ10 እስከ 20 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ የሚወጣው ባዛልት የሚባለው ጥቁር አለት ነው። የቀለጠው ጥቂት በመቶ ብቻ ከሆነ ሶዲየምና ፖታሲየም የበዛበት ባዛልት ይወጣል፤ እነዚህ ንጥረ ነገሮች ከጠጣሩ ቶሎ ሸሽተው ወደ ቅልጡ ስለሚገቡ ትንሹ ቅልጥ በእነሱ ይጠግባል። ስለዚህ ባዛልት እንኳ አንድ ዓይነት አይደለም።

ለቀጣዩ ነገር የሚያስፈልጉን ቁጥሮች ጥቂት ናቸው። ባዛልት ከ45 እስከ 52 በመቶ ሲሊካ (የሲሊከንና የኦክስጅን ውሕድ) ይይዛል፤ ሲወጣ ሙቀቱ ከ1,100 እስከ 1,250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። አንዴሳይት ከ57 እስከ 63 በመቶ ሲሊካ ይዞ ከ950 እስከ 1,100 ዲግሪ አካባቢ ይወጣል። ዳሳይት ከዚያ በላይ ሲሊካ አለው፤ ሙቀቱ ብዙውን ጊዜ ከ800 እስከ 950 ዲግሪ። ራዮላይት 70 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሊካ አለው፤ ከ700 እስከ 850 ዲግሪ ቢሆን ነው። ሲሊካ ሲበዛ አቶሞቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው ሰንሰለት ስለሚሠሩ ማግማው ይወፍራል፤ ራዮላይት ከባዛልት በሚሊዮን እጥፍና ከዚያም በላይ ሊዘለግልግ ይችላል። በክብደትም ይለያያሉ፦ ባዛልት በኪዩቢክ ሜትር 2,700 ኪሎ ግራም አካባቢ፣ ራዮላይት 2,300 አካባቢ።

ከባዛልት ወደ ራዮላይት የሚወስደው ዋናው መንገድ ቀስ ብሎ መርጋት ነው። ባዛልት ሲቀዘቅዝ ማዕድናቱ በአንድ ጊዜ አይረጉም፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚረጋው ኦሊቪን ነው። የኦሊቪን ሲሊካ 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ከባዛልቱ ያነሰ ማለት ነው። 50 በመቶ ሲሊካ ካለው 100 ኪሎ ባዛልት ውስጥ 20 ኪሎ ኦሊቪን ረግቶ ቢወርድ፣ 8 ኪሎ ሲሊካ ይዞ ይሄዳል። በቀረው 80 ኪሎ ቅልጥ ውስጥ 42 ኪሎ ሲሊካ አለ፤ 52.5 በመቶ መሆኑ ነው። በኋላ ፓይሮክሲንና ፕላጂዮክሌዝ ተከትለው ይረጋሉ፣ የብረትና የቲታኒየም ማዕድናትም ይጨመራሉ፤ ቅልጡ በየደረጃው በሲሊካ እየከበረ ይሄዳል። ራዮላይት ጋ ለመድረስ ከመነሻው ባዛልት 90 በመቶ ያህሉ መርጋት አለበት። ይህን በፖታሲየም ማጣራት ይቻላል፦ ፖታሲየም በነዚህ ክሪስታሎች ውስጥ ቦታ ስለማያገኝ በቅልጡ ውስጥ ይጠራቀማል፤ 0.5 በመቶ ይዞ የተነሣው ወደ 5 በመቶ ይጠጋል፤ የብዙ ራዮላይቶች ፖታሲየምም እዚያው አካባቢ ነው። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ለአንድ ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ራዮላይት አሥር ያህል ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ባዛልት ያስፈልጋል፤ ዘጠኙ ዝቃጭ ሆኖ ከታች ይቀራል።

በዚህ ላይ ማግማው በዙሪያው ያለውን ቅርፊት እያቀለጠ ይውጣል። ይህም ቢሆን በነጻ አይገኝም፤ ግድግዳውን ለማቅለጥ የሚያወጣውን ሙቀት ራሱ እየረጋ ነው የሚከፍለው። የተዋጠውን ቅርፊት የሚያጋልጠው የስትሮንሺየም አይሶቶፕ ነው፤ አይሶቶፖች በክብደት ብቻ የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች ናቸው፦ የስትሮንሺየም 87 ለስትሮንሺየም 86 ሬሾ ከማንትል በመጣ ማግማ ውስጥ 0.703 አካባቢ ሲሆን፣ በአሮጌ አህጉራዊ ቅርፊት ብዙ ጊዜ ከ0.710 ይበልጣል። መርጋት ብቻውን ይህን ሬሾ አይለውጠውም። ሬሾው ከፍ ካለ ማግማው የበላው ነገር አለ።

እንግዲህ ሁለቱ ማግማዎች የሚገናኙት የት ነው? በሥዕል የምናየው ከተራራው ሥር ያለ ትልቅ የቀይ ፈሳሽ ጋን ብዙዎችን ያሳስታል። እዚያ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ድፍድፍ ነው፦ በክሪስታሎች መሐል ጥቂት ቅልጥ የቋጠረ፣ ከጥቂት ኪሎ ሜትር ጥልቀት እስከ ቅርፊቱ ግርጌ በየደረጃው የተደረደረ። ክሪስታሉ ከግማሽ ሲያልፍ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ስለሚቆለፍ ድፍድፉ አይፈስም። ንጹሕ ቅልጥ የሚገኘው በየቦታው በትናንሽ ኪሶች ነው። በ2009 በአይስላንድ ክራፍላ ላይ ጥልቅ የእንፋሎት ጉድጓድ ሲቆፈር፣ ማንም ሳይጠብቀው 2.1 ኪሎ ሜትር ላይ የራዮላይት ማግማ ውስጥ ገባ። በላዩ ላይ የተደረጉት ጥናቶች ኪሱ እዚያ መኖሩን አስቀድመው አላሳዩም ነበር።

ከጥልቅ የሚመጣ ባዛልት (የጥያቄው ጥቁር) እንዲህ ያለውን የዳሳይት ወይም የራዮላይት ኪስ (ግራጫውን) ሲያገኝ ከብዶ ስለሚገኝ ከሥሩ ይነጠፋል። ወሳኙ ነገር የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነውና በሒሳብ እንየው።

ባዛልቱ 1,200 ዲግሪ፣ ዳሳይቱ 850 ዲግሪ ይሁን። 20 በመቶ ባዛልት 80 በመቶ ዳሳይትን ካገኘ ሙቀታቸው የሚገናኘው 920 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባዛልቱ ሲረጋ የሚለቀው ሙቀት ይህን በጥቂት አሥር ዲግሪዎች ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ነገሩን ግን አይቀይረውም። ባዛልት በዚህ ሙቀት አብዛኛው አካሉ ክሪስታል ነው። አሁን የጊዜውን ሒሳብ ይጨምሩበት። ሙቀት በማግማ ውስጥ በሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ካሬ ሜትር ያህል ይሰራጫል፤ ሲሊካና ማግኒዢየምን የመሰሉ ንጥረ ነገሮች ግን፣ እንደ ውሃው መጠንና እንደ ሙቀቱ ቢለያዩም፣ ቢያንስ ከዚያ በሚሊዮን እጥፍ ይዘገያሉ። ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጓል፣ ማለትም የእርስዎ ጡጫ መሳይ ጓል፣ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ይቀዘቅዛል። በንጥረ ነገር ልውውጥ ብቻ ከግራጫው ጋር ለመስተካከል 80 ዓመት ገደማ ይፈጅበት ነበር፤ ያውም ፈሳሽ ሆኖ ቢቆይ።

ስለዚህ ጥቁሩ የሚረጋው ገና ሲገባ ነው። ጠርዙ በድንገት ስለሚቀዘቅዝ ክሪስታሎቹ ደቃቅ ይሆናሉ፤ ወደ መሐል ሲገቡ መርፌ መሰል ረጃጅም ክሪስታሎች ይታያሉ፣ ችኩል ዕድገት የሚተወው ምልክት ይህ ነው። የሚረጉት ማዕድናት ውሃና ጋዝ እምብዛም ስለማይቀበሉ የቀረው ቅልጥ በጋዝ ይጠግብና ይፈላል፤ በጓሉ ውስጥ አረፋ ይሞላል። አረፋው ጓሉን ያቀለዋል፤ ከታች የተነጠፈው ከባድ ባዛልት በዚህ የተነሣ እየተቆረሰ ወደ ላይ ወደ ግራጫው ይንሳፈፋል። እርስዎ ያገኙት ጓል በቀላሉ ከኪሱ ግርጌ ተነሥቶ የመጣ ሊሆን ይችላል።

መጠኑን ይገልብጡት። ባዛልቱ 60፣ ዳሳይቱ 40 በመቶ ከሆነ የጋራ ሙቀታቸው 1,060 ዲግሪ ይሆናል። ባዛልቱ በከፊል ቢረጋም ይፈሳል፤ ዳሳይቱ ደግሞ 200 ዲግሪ ተጨምሮለት ይቀጥናል፣ ክሪስታሎቹም ይሟሟሉ። ዝልግልግነታቸው ሲቀራረብ እንቅስቃሴው ሁለቱን እየሳበና እያጠፈ ክር ያደርጋቸዋል። ክሩ 1 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከላይ 80 ዓመት ያልነው ልውውጥ በ12 ቀን ገደማ ያልቃል። እውነተኛ ውሕደት የሚሆነው እንዲህ ነው፤ 50 በመቶ ሲሊካ ያለው ባዛልትና 66 በመቶ ያለው ዳሳይት በዚህ መጠን ተዋሕደው 56.4 በመቶ ይሰጣሉ፣ ለአንዴሳይት የቀረበ ነገር። በጥሬው ሲታይ፣ ግራጫው በብዛት ያለበት ቦታ ጓል ይወልዳል፤ ትኩሱ የበዛበት ቦታ ወጥ አለት ይወልዳል። የሁለቱ ድንበር ግማሽ በግማሽ አካባቢ ነው ብሎ ማሰብ ለመነሻ አይከፋም። ውሃ የበዛበት ባዛልት ግን በዝቅተኛ ሙቀትም ስለሚፈስ ድንበሩን ይገፋዋል።

ማግማ ይቀላቀላል የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ ጀርመናዊው ኬሚስት ሮበርት ቡንሰን በ1851 የአይስላንድን አለቶች የሁለት ማግማዎች ቅልቅል አድርጎ አብራርቷቸው ነበር። ብዙዎቹን በመርጋት ብቻ ማስረዳት ስለሚቻል ሐሳቡ ለረዥም ጊዜ ገሸሽ ተደርጎ ቆየ። በዓይን የታየ ምሳሌ የሚፈልግ የ1991ዱን ፒናቱቦ ይመልከት። በፊሊፒንስ ካለው ከዚህ ተራራ ሰኔ መጀመሪያ ላይ (በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከ7ኛው ቀን ጀምሮ) የወጣው ትንሽ የላቫ ጉልላት 59 በመቶ ገደማ ሲሊካ ያለው አንዴሳይት ሲሆን የባዛልት ጓሎች ነበሩበት። በ15ኛው ቀን በታላቁ ፍንዳታ የወጣው ግን 64.5 በመቶ ገደማ ሲሊካ ያለው ዳሳይት ነው። ባዛልቱን 50.5 አካባቢ አድርገን ብናሰላ፣ ጉልላቱ ከሲሶ ትንሽ የሚበልጥ ባዛልትና የቀረው ዳሳይት ሆኖ ይገኛል። ጥልቅ ባዛልት የቆየውን ዳሳይት ነካው፤ ቅልቅሉ ቀሎ ቀድሞ ወጣ፤ መንገዱን ከፈተ፤ ዳሳይቱ ተከተለ። ከተራራው ይወጣ የነበረው የሰልፈር ዳይኦክሳይድ መጠንም ከፍንዳታው በፊት በግንቦት ወር በቀን ከ500 ቶን ተነሥቶ ከ5,000 ቶን በላይ ደርሶ ነበር።

በ2018 በሃዋይ እሳተ ገሞራ ኪላዌያ ላይ የታየው ደግሞ ረጋ ያለ ነው። መጀመሪያ ከስንጥቆቹ የወጣው ቀዝቀዝ ያለ፣ ለዓመታት ከመሬት ሥር ተቀምጦ የረጋ ባዛልት ነበር፤ 17ኛው ስንጥቅ አንዴሳይት እስከ መትፋት ደረሰ፣ ለዚያ ተራራ ብርቅ ነገር። ከሳምንታት በኋላ ትኩሱ አዲስ ማግማ ሲደርስ ፍሰቱ ቀጥኖ ፈጠነ። አዲስ ባዛልት ሁሉ ፍንዳታ ያስነሣል ማለት ግን ስሕተት ነው። አብዛኛው መንገድ ላይ ረግቶ ይቀራል።

አሁን ወደ ድንጋይዎ። አዲስ የተሰበረ ፊቱን በውሃ አርጥበው 10 እጥፍ በሚያጎላ የእጅ መነጽር ይዩት። የጓሉ ጠርዝ ሞገደኛ፣ የታጠፈ፣ በውጭ ደቃቅ ከሆነ ጓሉ ሲገባ ፈሳሽ ነበር። ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ማዕዘን ያለው፣ ከጫፍ እስከ መሐል እኩል የሆነ ከሆነ ግን ከግድግዳው ተቦርሶ የገባ አሮጌ ድንጋይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ ባዕድ ክሪስታሎችን ይፈልጉ። በጥቁሩ ጓል ውስጥ ድቡልቡል የተበላ ኳርትዝ አረንጓዴ የፓይሮክሲን ቀለበት አጥልቆ ቢታይ፣ ከግራጫው ተሻግሮ የገባ ነው። ማግኒዢየም የበዛበት ኦሊቪንና ኳርትዝ በአንድ ቅልጥ ውስጥ ተስማምተው አይኖሩም፤ አንድ ላይ ካገኟቸው የተገናኙ ሁለት ማግማዎች አሉ። ፕላጂዮክሌዙ እንደ ወንፊት ተበሳስቶ በዙሪያው ንጹሕ ጠርዝ ካበቀለ ደግሞ በድንገት ሞቆ ሟሙቶ እንደገና አድጓል ማለት ነው።

ወደ ቤተ ሙከራ ከላኩት ጓሉንና ግራጫውን ለየብቻ ያስቆርጡ፤ ከድንበሩ ቢያንስ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይራቁ። አብረው ከተፈጩ ቅልቅሉን የሠራው ተራራው ይሁን መፍጫው መለየት አይቻልም። ውጤቱ ሲመጣ የአካባቢውን አለቶች ሲሊካ በአግድም፣ ሌላውን ንጥረ ነገር በቁም አድርገው ነጥቦቹን ያስቀምጡ። ቅልቅል ሁልጊዜ ቀጥ ያለ መሥመር ይሰጣል። ሆኖም አንዳንድ ንጥረ ነገሮች በመርጋትም ቢሆን ለቀጥታ የቀረበ መሥመር ስለሚሠሩ፣ የሚፈርደው ቲታኒየም ነው፦ ባዛልት ሲረጋ መጀመሪያ ይጨምራል፣ የብረትና የቲታኒየም ማዕድናት መርጋት ሲጀምሩ ተገልብጦ ይወርዳል። ጉብታውን ተከትለው ከሄዱ መርጋት ነው፤ ከጉብታው ሥር ቀጥ ብለው ካቋረጡ ቅልቅል ነው። ኒኬልም ይረዳል፤ ኦሊቪን ገና ሲረጋ ስለሚጨርሰው፣ 60 በመቶ ሲሊካና ብዙ ኒኬል አብረው ከተገኙ በመርጋት ብቻ አልተሠራም።

አይሶቶፕ ላይ ግን ቀጥታ መሥመር አይጠብቁ። በሚሊዮን 500 ክፍል ስትሮንሺየም ያለው ባዛልት ሬሾው 0.703 ቢሆን፣ 100 ክፍል ብቻ ያለው ራዮላይት ደግሞ 0.711 ቢሆን፣ ግማሽ በግማሽ ሲቀላቀሉ የሚገኘው 0.707 አይደለም፤ 0.7043 ነው፣ ስትሮንሺየም የበዛበት ወገን ይጎትተዋልና። ይህን ያላስተዋለ ሰው ግማሹ ራዮላይት የሆነውን ድንጋይ ራዮላይቱ ሲሶ እንኳ አይሞላም ብሎ ይጽፋል።

ጓሉ ስንት ጊዜ በግራጫው ውስጥ ተቀምጦ እንደቆየ ለማወቅ ከፈለጉ፣ ወደ ግራጫው ተሻግረው የቀሩ ነጠላ ኦሊቪኖችን ይፈልጉ። ኦሊቪኑ በአዲሱ ጎረቤት ተነክቶ ከጠርዙ ማግኒዢየም እያጣ ብረት ይቀበላል፤ የተለወጠው ጠርዝ ስፋት ደግሞ ከግንኙነቱ እስከ ፍንዳታው ያለፈውን ጊዜ ይነግራል፣ ከቀናት እስከ ዓመታት። ለዚህ ልኬት በ30 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ውፍረት የተሞረደ ስስ ሽራፊና የኤሌክትሮን ማይክሮፕሮብ፣ ማለትም የአንዲትን ነጥብ ንጥረ ነገሮች የሚለካ መሣሪያ፣ ያስፈልጋል። ክሪስታሉ በመሐሉ ካልተቆረጠ ጠርዙ ከእውነተኛው ሰፍቶ ስለሚታይ ጊዜው ይረዝማል፤ አንድ ሳይሆን ሃያና ሠላሳ ክሪስታል ያስለኩ።